የነባር ቦይ ጥገና በቃሉ ወረዳ፦ ከመስከረም እስከ ሰኔ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም፣ የመጨረሻው ሳምንት

ቦዩ በደቡብ ወሎ ቃሉ ወረዳ ከሐርቡ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ከሚገቡት ትናንሽ ወንዞች ከአንዱ ይጠለፋል። የዳገቱን ጥግ ይዞ 1,800 ሜትር ያህል ይሄድና 80 ጥማድ፣ ማለትም 20 ሄክታር መሬት ያጠጣል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ በቆሎና ማሾ ይመረትበታል፤ በየጓሮው ጥቂት ብርቱካንና ጫት አለ። ከጠለፋው የሚነሣው ውሃ በቂ ሆኖ ሳለ ወደ ቦዩ ጅራት የሚደርሰው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ባለፈው በጋ የመጨረሻዎቹ 20 ጥማዶች ሽንኩርታቸውን ለማዳን ከቦርከና በሞተር መሳብ ግድ ሆኖባቸው ነበር። የነዳጁ ወጪ ትርፉን በላው።

የተጠቃሚዎች ጉባኤ በዚህ ዓመት ቦዩ እንዲጠገን ወስኖ ኮሚቴ መርጧል፤ እኔም የኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ ማስታወሻውን የምይዘው እኔ ነኝ። የውሃ አባታችን፣ ማለትም የቦዩን ጠረጋና የውሃ ተራ የሚመሩት ሽማግሌ፣ አንድ ነገር ጨምረው አዘዋል፦ «ደንቡን የሚያውቁት እያለቁ ነው፤ ሲሚንቶው ሳይመጣ የቦዩ ነገር ከሽማግሌዎቹ ይጻፍ።» ስለዚህ በዚህ መዝገብ የደለሉ ልክና የሽማግሌዎቹ ቃል ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ከማንኛውም ሥራ በፊት ውሃውን መለካት አለብን ብለን ተስማማን። መጀመሪያ የሞከርነው ተንሳፋፊ መለኪያ ነበር፤ ቦዩ ቀጥ ባለበት 10 ሜትር ለክተን፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ግማሹን ሞልተን እየለቀቅን ጊዜውን በስልክ ያዝን። ላይ ላይ ያለው ውሃ ከሥሩ ይልቅ ስለሚፈጥን የተገኘውን ፍጥነት በ0.85 ማባዛት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የቦዩ ወርድ በየሜትሩ ስለሚለያይ፣ በሣሩም ምክንያት ፕላስቲኩ ስለሚያዝ፣ ሁለት ሰዎች የለኩት ውጤት ፈጽሞ ሊገጥም አልቻለም።

በዚህም ምክንያት ከላሜራ ላይ 90 ዲግሪ በሆነ ቪ ቅርጽ የተቆረጠ መለኪያ ኮምቦልቻ ከአንድ በያጅ ዘንድ አሠራን። ላሜራው ቦዩን አግዶ ይቆማል፤ ጎኑና ሥሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ውሃው በቪው ውስጥ ብቻ እንዲያልፍ ይደረጋል። የውሃው ከፍታ የሚለካው ከላሜራው 1 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተርቆ ነው፤ አፉ ላይ ውሃው ዝቅ ስለሚል እዚያ የለካ ሰው አሳንሶ ይለካል። ከፍታው በሜትር ተወስዶ ወደ 2.5 ኃይል ከፍ ይደረግና በ1.38 ሲባዛ በሰከንድ የሚያልፈውን ውሃ በሜትር ኩብ ይሰጣል። ከጠለፋው በታች 20 ሳንቲሜትር ተገኘ፤ ይህም በሰከንድ 25 ሊትር ገደማ ነው። በቦዩ ጅራት ሁሉም አፎች (ውሃው ከቦዩ ወደየእርሻው የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች) ተዘግተው ሲለካ 15 ሳንቲሜትር ሆነ፤ ይህ ደግሞ 12 ሊትር ነው። አምስት ሳንቲሜትር ብቻ የጎደለ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ መንገድ ላይ ቀርቷል። ለአንድ ሄክታር መስኖ በሰከንድ 1 ሊትር ያህል እንደሚያስፈልግ ከታሰበ፣ ከላይ የሚነሣው ለ20 ሄክታሩ ይበቃል፤ ታች የሚደርሰው አይበቃም።

ጥቅምት፣ ሦስተኛው ሳምንት

የቦይ ጠረጋ። የውሃ አባታችን እንደ ልማዱ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ጠሩ፤ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቄሱም መርቀው ዶማ ተነሣ። መሣሪያው ዶማ፣ አካፋ፣ ድጅኖና ባሬላ ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ በያዘው ጥማድ ልክ ርዝመት ተለክቶ ይሰጠዋል፤ አቅም የሌላት ሴት አባወራ ድርሻዋን በወንፈል ታስጠርጋለች ወይም ለጠራጊዎቹ ምሳ ታዘጋጃለች። ጥቂቶች በአካል ከመምጣት ይልቅ የቀን ሠራተኛ ላኩ። ይህ ከዓመት ዓመት እየበዛ መሄዱን የውሃ አባታችን በቅሬታ ተናግረዋል።

የጠረጋው ታሪክ የቦዩ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ሽማግሌዎቹ እንደሚያስታውሱት ከ1967 ዓ.ም በፊት ጠረጋው የጭሰኛው ግዴታ ነበር፤ ውሃው ደግሞ በቅድሚያ ለባለርስቱ እርሻ ይለቀቅና የተረፈው ለጭሰኛው ይደርስ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን የሕዝብ አድርጎ የጭሰኝነትን ግንኙነት ሲያስቀር፣ ቦዩ በአዲሱ የገበሬ ማኅበር እጅ ገባ። የውሃ አባት በባለርስቱ መሾሙ ቀርቶ በተጠቃሚው መመረጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1977ቱ ድርቅ ነው። ወንዙ ከጠለፋው በታች ደርቆ፣ ከላይ የቀረችው ቅጥልጥል ውሃ ለከብትና ለመጠጥ ብቻ ሆነች። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም በአገር ደረጃ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር ከፍተኛው ድርሻ ከወሎ ነበር፤ ከዚህ ቦይ ተጠቃሚዎችም የተነሡ አሉ። የሄዱት ሰዎች ጉልበት ብቻ አልነበሩም። አንዱ ቦዩ በዓለቱ ሥር የሚያልፍበትን ቦታ በጭቃና በሣር የመድፈን ሙያ የነበረው ሰው እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬም ከሁሉ ይልቅ የሚያፈስሰው ያ ቦታ ነው።

ሦስተኛውን ለውጥ ማንም እንደ ለውጥ ቆጥሮት አያውቅም፤ እኔ ግን ከሁሉም ክፉው እርሱ ይመስለኛል። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ለብዙ ቤት እህል አስገብቷል፣ ተራራውንም በእርከን አልብሷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም የሕዝብ ሥራው የሚሠራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ሲሆን ቦዩ ግን መጠረግ ያለበት በጥቅምት ነው። የቦይ ጠረጋ በክፍያ ከሚሠሩት ሥራዎች ውስጥ ከተቆጠረ በኋላ፣ «ክፍያው ሲመጣ እንጠርገዋለን» የሚል ሰው ተገኘ፤ የጥቅምቱ ጠረጋ ወደ ጥር ተገፋ፤ ሽንኩርቱም ሁለት ወር ዘግይቶ መተከል ጀመረ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ስለደረሰ ጠረጋው ጨርሶ አልተደረገም፤ የዚያ ዓመት ደለል በላዩ ሣር አብቅሎ እስካሁን ድረስ በየቦታው የቦዩን ወርድ አጥብቦ ይገኛል።

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ተዳፋቱን በላይን ሌቭል ለካን። ሁለት ምልክት የተደረገባቸው እንጨቶች፣ 10 ሜትር ሲባጎና መሐሉ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ፤ የግብርና ባለሙያዎች እርከን የሚቀይሱበት መሣሪያ ነው። ሲባጎው ከላላ ውጤቱ እንዳልነበር ይሆናል፣ በነፋስም መለካት አይቻልም። ስለዚህ በማለዳ ብቻ ሠራን።

የቦዩ አማካይ ተዳፋት በ1,000 ሜትር 2 ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ለአፈር ቦይ ጥሩ ነው። ዓለቱ ሥር ወደ 6 ይደርሳል። ከዚያ በታች ግን ቦዩ ከመንገዱ ወጥቶ እንደ ማጭድ ይታጠፍና ተዳፋቱ ወደ 1 ይወርዳል። ንድፉን ያየልን ወጣት መሐንዲስ ማጠፊያው ተትቶ ቦዩ ቀጥ ብሎ ቢቆረጥ 200 ሜትር ያህል እንደሚያጥር ነገረን። በወረቀት ላይ ትክክል ነበር፤ ኮሚቴውም ወዲያው ተስማማ፤ ቁፋሮውም ተጀመረ።

የተቆፈረው ጉድጓድ ጥቁር ዋልካ አወጣ። የውሃ አባታችን ከጉድጓዱ ጫፍ ተቀምጠው «ልጄ፣ ይህ መሬት በጋ ሲሆን አፉን ይከፍታል» አሉት። መሐንዲሱ ሰምቶ ዝም አላለም፤ ጉድጓዱን በበርሜል ውሃ ሞልተን እንድናይ ጠየቀ። ውሃው በመጀመሪያው ቀን በስንጥቁ ገብቶ አለቀ፤ ደጋግመን ስንሞላው ዋልካው አብጦ ያዘ፤ ለአንድ ሳምንት ስንተወው ግን እንደገና ተሰነጠቀ። ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ዋልካ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ውሃ ይይዛል፤ ወንዙ ሲሳሳና ቦዩ ለጥገና ሲዘጋ እየደረቀ እየራሰ ከተፈራረቀ ግን ይሰነጠቃል፤ በላዩ የሚገነባውንም ግንብ ይዞ ይሰነጥቃል። የቀደሙት ሰዎች ቦዩን ያጠፉት በቀይ አፈሩ ጀርባ ላይ ለማሳለፍ ነው። ማጠፊያው ሌላም ጥቅም አለው፤ ከዓለቱ ሥር በፍጥነት የመጣው ውሃ እዚያ ሲዘገይ አሸዋውን ይጥላል፤ ቦታው ደግሞ የተጠረገው አሸዋ የሚጣልበት ገደል አጠገብ ነው። ቀጥ አድርገነው ቢሆን ኖሮ አሸዋው ሁሉ ወደየአፎቹ ይወርድ ነበር። ጉድጓዱ ተደፈነ።

ኅዳር፣ አራተኛው ሳምንት

ጠለፋው። ነባሩ ጠለፋ ችካል፣ ድንጋይ፣ ቅርንጫፍና የሣር ጓል ነው፤ በየዓመቱ የሐምሌ ደራሽ ይወስደዋል፣ በመስከረም ማብቂያ እንደገና ይሠራል። አባላቱ ሁሉ የኮንክሪት ጠለፋ ይፈልጉ ነበር። ከእኛ ቦይ ጥቂት ወጣ ብሎ ከዓመታት በፊት በኮንክሪት የተሠራ ጠለፋ ስላለ ሄደን አየነው፤ ግድቡ አልተሰበረም፤ ነገር ግን ከኋላው እስከ አፉ ድረስ በጠጠር ተሞልቷል፣ የቦዩም መግቢያ ተቀብሯል። ደለል በወሎ ቀልድ አይደለም፤ ቦርከና ላይ የተሠራው ግድብ እንኳ ለአገልግሎት ሳይበቃ በደለል ተሞልቶ ቀርቷል።

ስንመረምረው ነባሩ ጠለፋ በክረምት መፍረሱ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ሲፈርስ ጎርፉና ድንጋዩ በወንዙ ይሄዳሉ እንጂ ወደ ቦዩ አይገቡም። ቋሚ ግድብ ከተሠራ በክረምት ሌሊት መዝጊያውን የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ሌሊት ቢረሳ ቦዩ በጠጠር ይሞላል። ከብዙ ክርክር በኋላ መካከለኛ መንገድ ተያዘ፦ ሥሩ ላይ ዝቅ ያለ የጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን) መሠረት፣ በላዩ እንደ ድሮው የሚፈርስ ቅርንጫፍና ጓል፣ በቦዩ መግቢያ ደግሞ የጣውላ መዝጊያ፣ ከመግቢያው ጥቂት ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ የሚመልስ ማፋሰሻ። ጋቢዮኑ 6 ሣጥን ነው፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ስለሆነ በድምሩ 12 ሜትር ኩብ ድንጋይ ወሰደ፤ ድንጋዩን ያቀረበው ሕዝቡ ነው። ሁለቱ ሣጥኖች በታች በኩል እንደ ምንጣፍ የተነጠፉት ከላይ የሚወድቀው ውሃ መሠረቱን እንዳይቦረቡር ነው። ወጣቶቹ ሣጥኖቹን ውስጥ ውስጡን በጥቃቅን ድንጋይ፣ ፊት ፊቱን በትልልቁ ሞልተው ነበር፤ ትንሹ ድንጋይ በሽቦው ዓይን ስለሚሾልክ ሁለቱ ተፈትተው እንደገና ተደረደሩ። የውስጥ ማሰሪያ ሽቦም መጀመሪያ ተዘንግቶ ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር።

ታኅሣሥ

ግንቡ። ከሁሉ የሚያፈስሰው በዓለቱ ሥር ያለው 60 ሜትር ስለሆነ እዚያ ብቻ እንዲገነባ ተወሰነ። የውስጥ ወርዱ 50፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲሜትር፤ ግድግዳው 30፣ ወለሉ 20 ሳንቲሜትር ውፍረት። ሽንኩርቱ ተተክሎ ስለነበር ውሃውን ማቋረጥ አልተቻለም፤ ከጎን ጠባብ ጉድጓድ ቆፍረን ላስቲክ አንጥፈን በእርሱ አሳለፍነው። ላስቲኩን ፍየሎች በሰኮናቸው ስለቀደዱት እረኛ ማቆም ግድ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች አልተሳኩም። አሸዋው ከቦርከና የመጣ ሲሆን ጭቃ ነበረው፤ ግንበኞቹ ሳያጥቡ አቦኩት፤ ልስኑም በቀትር ፀሐይ ተሠርቶ በበነጋው ውሃ አልጠጣም። ሳምንት ሳይሞላ ፊቱ በሙሉ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ፤ በጥፍር ሲነካም ይረግፍ ጀመር። አሸዋውን በማሰሮ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጠን አሳደርነው፤ በማግሥቱ ከአሸዋው በላይ የተቀመጠው የጭቃ ንብርብር በዓይን የሚታይ ነበር። ከዚያ በኋላ አሸዋው ቦዩ ውስጥ እየታጠበ፣ ሲሚንቶና አሸዋው 1 ለ4፣ ልስኑ ደግሞ 1 ለ3 እየተቦካ፣ ሥራው ከሰዓት በኋላ እየተሠራ፣ በእርጥብ ኬሻ ተሸፍኖ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ እየጠጣ ተጠናቀቀ። ኬሻ ማርጠቡን የተማሪ ቤት ልጆች ያዙት፤ ከግንበኞቹ ይልቅ ተጉ።

ወጪው በጸሐፊው መዝገብ እንደሚከተለው ተይዟል። ሲሚንቶ 34 ኩንታል ይበቃል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ የተሰነጠቀው ፈርሶ ሲሠራ 6 ተጨምሮ 40 ኩንታል ሆነ፤ በ1,700 ብር ሒሳብ 68,000 ብር ወጣ። ጋቢዮን 21,000፣ አሸዋ ከነመጓጓዣው 18,000፣ የግንበኞች ዋጋ 45,000፣ የላሜራ መዝጊያዎች 14,000፤ ድምሩ 166,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 90,000 ብር የተሰበሰበው በጥማድ 1,125 ብር እየተዋጣ ነው። 46,000 ብር በዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ላኩ። ቀሪው 30,000 ብር ከቅሬ፣ ማለትም ከቀብር ዕድራችን፣ በብድር ተወሰደ። ስለዚህ ብድር ክርክር ነበር፤ «የቅሬ ገንዘብ የሬሳ ነው፣ ለቦይ አይነካም» ያሉ ነበሩ፤ ሽንኩርት በተሸጠ በሳምንቱ ይመለሳል ተብሎ በሽማግሌ ዋስትና ተፈቀደ።

ጥር

የአፎቹ ጉዳይ። ይህ ከግንቡ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል።

የእኛ ቦይ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ያጠጣበታል፤ አንዱ ከላይኛው ግማሽ፣ ሌላው ከታችኛው ግማሽ። የላይኛው ሰው አፉን ሲከፍት ድርሻው በአፉ ይወጣል፣ ቀሪው ወደ ታች ያልፋል። ስለዚህ ውሃውን የሚያካፍለው የአፉ ስፋት ነው። ኮሚቴው አፎቹ ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር የተለያየ ወርድ እንዳላቸው ባየ ጊዜ ይህ የቆየ አድልዎ ነው ብሎ፣ ሁሉንም 15 ሳንቲሜትር አድርጎ የላሜራ መዝጊያ አዘዘ። መዝጊያዎቹ ተበይደው መጡ፤ ሁለቱ እንደተገጠሙ ጩኸት ተነሣ። የአንዱ ባለቤት እርሻው አልረካም፤ የሌላው ጎረፈበት።

ጉዳዩን በገመድና በሜትር ስንመረምረው እንዲህ ሆነ። እርሻው ከቦዩ ብዙም የማይወርድ ሰው አፉ ከፍ ተደርጎ መውጣት ስላለበት ከአፉ በላይ የሚቀረው ውሃ ጥቂት ነው። እርሻው ዝቅ ያለ ሰው ግን አፉ ወደ ቦዩ ወለል ስለሚቀርብ በላዩ ብዙ ውሃ ይተኛል፣ የሚወጣውም በኃይል ነው። በቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነቱ ከበላዩ ባለው ከፍታ ስኩዌር ሩት ልክ ይጨምራል፤ በላዩ 24 ሳንቲሜትር ያለው አፍ በላዩ 6 ሳንቲሜትር ካለው ሁለት እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 20 ሳንቲሜትር ወርድ ሲኖራቸው እኩል ውሃ ያገኛሉ። የቀደሙት ይህን በቀመር አላወቁትም፤ ውሃው እርሻ ጫፍ እስኪደርስ ድረስ ጥላ እየለኩ፣ አፉን በጓል እያጠበቡና እያሰፉ ያገኙት ልክ ነው። መዝጊያዎቹ ወደ በያጁ ተመልሰው እየተቆረጡና እየተቀጠሉ በነባሩ ወርድ ተስተካከሉ፤ የተጨማሪውን ሥራ ዋጋ የኮሚቴው አባላት ከኪሳችን ሸፈንን።

ነገር ግን ነባር የሆነ ሁሉ ትክክል ነው የሚል ሐሳብ እንዳይገባን አንድ አፍ ቀረ። ሦስተኛው አፍ እርሻው ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ ሰፊ ነው፤ በልካችን መሠረት ለእርሱ ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ያህል አብልጦ ያወጣል። ምክንያቱን ሽማግሌዎቹ አልደበቁም፤ የባለርስቱ አፍ ነበር። በ1967 ዓ.ም ያ መሬት ለጭሰኞቹ ሲከፋፈል አፉ አብሮ ተላለፈ፤ ዛሬ በ12 ጥማድ ላይ የእነዚያ ጭሰኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ይኖሩበታል፤ ከመካከላቸው ከሁሉ የደኸዩ ቤቶች አሉ። «አባቶቻችን ለባለርስቱ ሲጠርጉ ጠብታ ሳያገኙ ኖረዋል፤ አሁን ለእኛ ሲደርስ ሊጠብ ነው?» አሉ። የታችኞቹ ደግሞ «የባለርስት ድርሻ በባለርስት ጊዜ ቀርቷል» አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር መለኪያ ላሜራ አይፈታውም፤ ሽማግሌዎቹ ያሳደሩት ነገር በሦስተኛው ስብሰባ ተፈታ። የአፉ ወርድ አይነካም፤ የተራው ሰዓት ግን በጥማድ ከ4 ወደ 3 ይወርዳል፤ አንድ ሦስተኛ አብልጦ የሚያወጣ አፍ በ3 ሰዓት የሚሰጠው ሌላው በ4 ሰዓት የሚያገኘውን ነው። ከዚህ የተረፈው 12 ሰዓት ቦዩ በሙሉ ወደ ታችኞቹ 20 ጥማዶች እንዲያልፍ ሆነ።

የካቲት

የተራ ሰሌዳ። ከእኛ ወጣቶች አንዱ ተራውን በኤክሴል ሠርቶ አመጣ። ሥራው ንጹሕ ነበር። በእያንዳንዱ ግማሽ 40 ጥማድ ስላለ፣ ዙሩ ከ7 ቀን ወደ 8 ቀን ቢራዘም ለአንድ ጥማድ 4.8 ሰዓት ይደርሳል፤ በደረቅ ቦይ መጀመሪያ የሚባክነው ውሃም ይቀንሳል የሚል ነው። በስብሰባው ብዙዎች ወደዱት፤ ሁለት ሰዎች ግን በፊታቸው አልተስማሙም፤ አንዱ ሸኽ፣ ሌላው ቄስ።

በነባሩ ሰሌዳ የዓርብ ቀትር ተራ የክርስቲያን ቤቶች፣ የእሑድ ጠዋት ተራ የሙስሊም ቤቶች ነው። ዙሩ ሰባት ቀን ስለሆነ ይህ ሳይዛነፍ ይመላለሳል። ስምንት ቀን ሲሆን ግን ተራው በየዙሩ አንድ ቀን ስለሚገፋ የጁምዓ ሰዓት ሙስሊሙ እርሻ ላይ፣ የቅዳሴ ሰዓት ክርስቲያኑ ቦይ ላይ የሚውሉበት ጊዜ ይመጣል። ሌሊትና ቀንም እንዲሁ፦ ነባሩ ሰሌዳ በዚያው ቀን ውስጥ የቀኑን ባለተራ በሚቀጥለው ዙር ወደ ሌሊት ያዞረዋል፤ በሌሊት መውጣት የማትችል ሴት አባወራ ከጎረቤቷ ጋር ስትለዋወጥም ቀኑ አንድ ስለሆነ አይምታታባትም።

ሌላው ሰሌዳው ያላየው ነገር 8 ሰዓት ነው። በ7 ቀን ውስጥ 168 ሰዓት አለ፤ 40 ጥማድ በ4 ሰዓት ሲባዛ 160 ይሆናል። የቀረውን 8 ሰዓት ወጣቱ እንደ ብክነት ቆጥሮ አከፋፍሎት ነበር። ያ ሰዓት ግን በለቅሶ ምክንያት ተራው ያለፈበት ቤት ውሃ የሚያገኝበት ነው። ቅሬው ጠርቶት ቀብር የዋለ ሰው ተራው ቢያልፈው በደንቡ መሠረት ቅሬታ የማቅረብ መብት የለውም፤ ከዚያ 8 ሰዓት ግን ይሰጠዋል። ለቅሶ በሌለበት ሳምንት ለታችኞቹ ይለቀቃል። ሰሌዳው ሰባት ቀን ሆኖ ቀረ፤ ኤክሴሉ ግን ጥቅም አልባ አልሆነም፤ ማን ተራው መቼ እንደሆነ ታትሞ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ «ተራዬ ነው» «አይደለም» የሚለው ጭቅጭቅ በእጅጉ ቀነሰ።

መጋቢትና ሚያዝያ

የበልግ ዝናብ አጥጋቢ አልነበረም፤ ወንዙ ግን ውሃ ይዟል። ከዓለቱ በታች ባለው የአፈር ቦይ ሁለት ቀዳዳ ሠሪዎች አስቸገሩ፤ ጃርት ከላይ፣ ሸርጣን ከጎን። የሸርጣኑ ጉድጓድ ጠባብ ቢሆንም ከቦዩ ውስጥ ተነሥቶ በውጭ በኩል ስለሚወጣ ውሃ እየሰፋበት ይሄዳል፤ በጭቃ ቢደፈን በሳምንቱ ይከፈታል። የሠራው ነገር ይህ ነው፦ ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ቀይ አፈር ከጭድ ጋር ተቦክቶ በየንብርብሩ በእንጨት እየተደቀደቀ ይሞላል፤ በላዩም ከነሥሩ የተነቀለ የሣር ጓል ይተከላል። ለጃርት ያገኘነው መፍትሔ የለም፤ ድንጋይ ካብ በሠራንበት በጎኑ ዞሮ ይቆፍራል።

በሚያዝያ የቪ ላሜራው እንደገና ተተከለ። ከጠለፋው በታች 20 ሳንቲሜትር፣ በጅራቱ 18 ሳንቲሜትር ተገኘ። በሒሳብ ከ25 ሊትር ውስጥ 19ኙ ደርሷል ማለት ነው፤ በመንገድ የሚቀረው ከግማሽ በላይ የነበረው ወደ አንድ አራተኛ ወርዷል። ለ1,800 ሜትር ቦይ 60 ሜትር ብቻ ተገንብቶ ይህን ማግኘታችን፣ ቦዩ በሙሉ ካልተገነባ ዋጋ የለውም ለሚሉት መልስ ይመስለኛል። የታችኞቹ 20 ጥማዶች በዚህ ዓመት ሞተር አልተከራዩም። የቅሬውም ብድር ሽንኩርት እንደተሸጠ ተመልሷል።

ግንቦትና ሰኔ

በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሆነን ለመመዝገብ መተዳደሪያ ደንብ እየጻፍን ነው። የቀረበልን ናሙና ደንብ ስለ መዋጮ፣ ስለ ቅጣትና ስለ ኦዲት በደንብ ይናገራል። ስለ 8 ሰዓቱ፣ ስለ ዓርብና እሑድ ተራ፣ ስለ ሦስተኛው አፍ ግን ቦታ የለውም፤ እነዚህን በአባሪ እናስገባለን ብለን ጽፈናል። የውሃ አባት የሚለው ማዕረግም በናሙናው ውስጥ አልነበረም። «የውሃ አስተዳደር ኃላፊ» በሚለው ምትክ እንዲገባ ጠይቀናል።

በሰኔ ማብቂያ የመግቢያው ጣውላዎች ወጥተው በመስጊዱ ግቢ ተቆልፈዋል፤ ማፋሰሻው ክፍት ነው። ከጋቢዮኑ በላይ ያለውን ቅርንጫፍና ጓል ደራሹ እንዲወስደው ትተነዋል። ለመጪው ዓመት የተያዙት ሥራዎች፦ ከማጠፊያው በላይ የአሸዋ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ የተጎዱ አፎች ግንብ፣ ሦስት ተጨማሪ የጋቢዮን ሣጥኖች። ጠረጋው ለጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ተይዟል፤ ክፍያ የሌለው መሆኑም በቃለ ጉባኤው ተጽፎ ተፈርሟል።